ጉድጓዱ ይተንፍስ

«የእማማ አጥንት ይውጋኝ በይ» አለ ወንዳወቅ።

ሩሐማ ደንግጣ ቆመች። ፊቷን ልትታጠብ ነበር ውሃ በጣሳ ይዛ የወጣችው። ሰማዩ ገና አልቀላም። የአጎቷ ልጅ ከፍየሎቹ በረት ውስጥ ተንበርክኮ፣ አዲስ በተቆፈረው እርጥብ አፈር ላይ ደረቅ አፈር በእፍኙ እየዘገነ ይነሰንሳል። ከጎኑ ጠፍጣፋው ድንጋይ ተንሸራቶ ተቀምጧል። ድንጋዩ ከነበረበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ይታያል፤ ውስጡ ግን ጨለማ ነው። ፍየሎቹ ሁሉ በበረቱ ሌላ ጥግ ተጨናንቀው ቆመዋል።

«ማታ አይደል እንዴ ክፈተው የተባልከው?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ማታ አልነበርኩም። ኳስ ነበር። እነ ዝናቡ ወረዳ ከተማ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ይዘውኝ ሄዱ፤ አሁን መግባቴ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባየ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ብየ ከፍቸዋለሁ። ማታ ነው የከፈትኩት ነው የምላቸው። አቦ ሩሐማ፣ እንዳታስበይኝ!»

«እውነቱን ብትነግራቸውስ?»

«ከዚህ በኋላ አንድ ውሸት ከሰማሁብህ ሰቆጣ የሚባል ነገር የለም ብለውኛል። እረኛ ሆኘ ልቅር?»

ወንዳወቅ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ከጨረሰ፣ መስከረም ላይ ሰቆጣ ከነሩሐማ ቤት ገብቶ ዘጠነኛን ሊማር ነው። ይህን ነገር ሁለቱም ከዓመት በፊት ጀምረው ሲያወሩት ኖረዋል። የሚተኛበት ፍራሽ ሳይቀር ተመርጧል። ደግሞም ውለታ አለባት። ባለፈው ክረምት የበረቱን በር ሳትዘጋ ረስታ ጅብ ግልገል በበላ ጊዜ «እኔ ነኝ» ብሎ የተገረፈላት እሱ ነው።

«የእማማ አጥንት ይውጋኝ» አለች በመጨረሻ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከቀዳዳው የሚመጣው ሽታ እግሯ ዘንድ ደረሰ። የከረመ ማሽላ፣ የእርጥብ አፈርና የጎመዘዘ ሊጥ ሽታ የተደባለቀበት ነው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች፤ ለምን እንደሆነ ግን እሷም አታውቀውም።

እማማ ደብሬ የሁለቱም አያት ነበረች። ሩሐማ አጎቷን ጋሼ አስማረንና አክስቷን አንቱ ትላለች፤ አያቷን ግን አንች እያለች ነው ያደገች። እማማን አንቱ ያላት ልጅ ቢኖር ራሷ ትስቅበት ነበር። የሞተችው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሰቆጣ፣ ከነሩሐማ ቤት ነው። አስከሬኗ ወደዚህ ወደ ዝቋላ፣ ዕድሜዋን ወደኖረችበት መንደር መጥቶ ተቀበረ። በቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳን አንድ ሰው አነበበ፦ ከጋዝጊብላ ደጋ ተድራ መጣች፣ ልጆች ወለደች፣ ትጉህ የቤት እመቤት ነበረች፣ አረፈች። ይህ ሁሉ ተነቦ ሲያልቅ አንዲት ሴት እንኳ ነጠላዋን አስተካክላ አልጨረሰችም። ሩሐማ ያን ዕለት ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ በልጦባት ነበር።

ምክንያቱም የእማማ ሕይወት ይህ ጉድጓድ ነበር። ባሏ ሲሞት አራስ ነበረች ይባላል። እርሻ የሚያርስላት ወንድ ስላልነበረ የሰው ማሳ ታርምና በምላሹ ጥማድ በሬ ትለምናለች። ያገኘችውን ማሽላ በዚህ ጉድጓድ ታስገባና፣ ድንጋይ ከድና፣ በጭቃና በእበት መርጋ፣ ላዩ ላይ የፍየል በረት ትሠራበታለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አገሩ ሁሉ ሲሰደድ እሷ እዚሁ ሆና ልጆቿን በቁና እየሰፈረች አቆየቻቸው። በቅርቡም ጦርነት ሲሆን የመጣው ሁሉ ቤቱን ቢፈትሽ ከፍየሎቹ እግር ሥር ያለውን ያየ አልነበረም። «የኔ ጉድጓድ ነቀዝ እንኳ አይኖርበትም» እያለች ትኮራበታለች። ሩሐማ ልጅ ሆና ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ጧት ግን ያው ነገር በሌላ መልክ መጣባት። ነቀዝ ለምንድን ነው የማይኖርበት?

ደግሞ እማማ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራት። ጉድጓዱ የሚከፈተው ማታ ነው። ድንጋዩን ራሷ ትፈነቅልና ቁርበት አንጥፋ አጠገቡ ትቀመጣለች። ልጅም ፍየልም አታስጠጋም። «ጉድጓዱ ይተንፍስ» ትላለች። ሲነጋ በገመድ የታሰረ የቅጠል ችቦ ወደ ውስጥ ትጥልና ትጎትታለች፣ ትጥልና ትጎትታለች፣ እጇ እስኪዝል ድረስ። ከዚያ ኩራዝ ለኩሳ በገመድ ታወርዳለች። ሁሉም አልቆ፣ ወደ ውስጥ የምትገባው ራሷ ናት። ፀጉሯ ከነጣ በኋላም ያው ነበር። «ጋሼ አስማረ እያሉ ለምን አንች?» ብላ ሩሐማ ጠይቃት ታውቃለች። «እኔ እያለሁ? ሲሞትማ ሰው ሁሉ ይወርዳል» አለቻት እማማ፤ ሌላ አልጨመረችም።

አሁን የእማማ አርባ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለተዝካሩ ጠላ መጠመቅ፣ ለእንግዳውም እንጀራ መሰናዳት አለበት። እህሉ ያለው ደግሞ እማማ ራሷ ባለፈው ታኅሣሥ በዘጋችው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሩሐማም ቅዳሜና እሑድን ተጠቅማ አክስቷን ልታግዝ ነው የመጣችው። ከጉድጓዱ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራትም።

ጉዳይ ግን ራሱ መንገድ ያውቃል።

አክስቷ እትዬ ጥሩሐረግ ከቤቱ ጥላ ሥር ጌሾ ይወቅጣሉ። ሩሐማ አጠገባቸው ተቀምጣ ብቅል ትለቅማለች። ጎጆው ውስጥ የእማማ መደብ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ጋቢዋ ተጣጥፎ እንዳለ አለ።

«እህሉን ጋሼ ናቸው የሚያወጡት?» አለች ሩሐማ፣ እንደዋዛ ለመምሰል እየሞከረች።

«ሌላ ማን አለ? ልጄን አላስወርድም ብለዋል። ልባቸው ግን አልወደደውም፤ ሌሊቱን ሲገላበጡ ነው ያደሩ።» እትዬ ጥሩሐረግ ዘነዘናውን አቆሙ። «አባታቸው እዚያ እንደሞቱ ታውቂ የለ?»

ብቅሉ ከሩሐማ እጅ ፈሰሰ። «የት?»

«እዚያው ጉድጓድ ነዋ! አባባ ካሤ። እናትሽ አላወራችሽም? እንዴት ታውራ፣ እሷ ያን ጊዜ ገና ክርስትና ያልተነሳች እንቦቀቅላ። ማሽላ ሊያወጡ ወረዱ፣ አንዴ ተጣሩ አሉ፣ ከዚያ ዝም። ሊያወጣቸው የወረደው ጎረቤትም ዝም። ሁለት ሬሳ ነው ከአንድ ጉድጓድ የወጣው። ጋኔን ነው የመታቸው ይላሉ። እንጃ። የታመቀ አየር ነው የሚሉም አሉ፤ ብቻ ሳያድር ከተገባበት ሰው አይወጣም። እማማ ከዚያ ወዲህ ናት ጉድጓዱን ሳታሳድር የማትነካው። ዛሬማ ተመስገን፣ ወንዳወቅ ማታ ከፍቶታል።»

ሩሐማ ቀና አላለችም። የፈሰሰውን ብቅል አንድ በአንድ ለቀመች። ጆሮዋ ውስጥ ሌላ ድምፅ መጥቶባት ነበር።

እማማ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሆስፒታል ወጥታ ሰቆጣ ቤታቸው ስትተኛ፣ ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቧ የምትቀመጠው ሩሐማ ነበረች። ትኩሳቱ ሲነሳባት እማማ ትለፈልፋለች፤ አንዳንዴ በኽምጣና፣ አንዳንዴ በአማርኛ። በኽምጣና ስትናገር ሩሐማ ግማሹን ነው የምትሰማው። በአማርኛ የምትለው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ልጅቱ ስታለቅስ አደረች… ደከመኝ… ማታ ነው የከፈትኩት አልኩት። ተንፍሷል አልኩት። አልተነፈሰም ነበር። አልተነፈሰም ነበር።» ከዚያ በቀጭን እጇ ብርድ ልብሱን ይዛ እንደ ገመድ ትጎትታለች፣ ትጎትታለች። ሩሐማ «ማንን ነው እማማ?» ስትላት አትመልስም። እናቷን ብትጠይቃት «ታቃዣለች፣ ተያት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሁን ሁሉም ገጠመላት። ልጅቱ እናቷ ነበረች። ውሸቱ የተነገረው ለአባባ ካሤ ነበር። እማማ አራስ ሆና፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳታይ አድራ፣ ጧት ከፍታ «ማታ ነው» አለች። ቀላል ውሸት ናት፤ ድካም ያመጣት። ከዚያች ጧት ጀምሮ ወደዚያ ጉድጓድ ሌላ ሰው እንዳይገባ ዕድሜዋን ሙሉ በራሷ አካል ዘጋችው። ሩሐማ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለእማማ ነው፣ ደግሞ ፍርሃትም ነው።

ከበረቱ በኩል የወንዶች ድምፅ ተሰማ።

ጋሼ አስማረ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ነጠላቸውን አውልቀው፣ ጠፍር ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለዋል። ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ገመዱን ሊይዙላቸው የመጡት ጎረቤታቸው ሽማግሌው አባ የሻምበል ናቸው። ወንዳወቅ ከአጥሩ ተደግፎ የእግሩን ጣቶች ያያል።

«ማታ ነው የከፈትከው?» አሉ አባቱ።

«አዎ አባየ። ፀሐይ ስትገባ።»

ጋሼ አስማረ ጎንበስ ብለው ከቀዳዳው ዳር አፈር ቆነጠሩ። ደረቅ ነው። «ጎሽ» አሉ። ወንዳወቅ አባቱ «ጎሽ» ሲሉት ከስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ኩራዙስ?» አሉ አባ የሻምበል። «ደብሬ ያለ ኩራዝ አትወርድም ነበር።»

«ዛሬ ኩራዝ ማን ቤት አለ? ላምባውስ ከየት ይመጣል? ሶላሩ ይበቃል። እሷም ለእባብ ነበር የምታወርደው።»

ትንሿ የሶላር ፋኖስ በገመድ ታስራ ወረደች። ጉድጓዱ ውስጡ በራ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ገለባ ታየ፤ ከሥሩ ማሽላው ቀይና ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ባለፈው ታኅሣሥ እማማ በእጇ ያስተካከለችው እንደሆነ ያስታውቃል፤ ላዩ እንደ ተነጠፈ አልጋ ለጥ ያለ ነው።

«ይኸው፣ እንደ ቀን ፍንትው ብሏል። እባብም የለ፣ ምንም የለ።»

ሩሐማ ሳታስበው ከበረቱ ደጃፍ ደርሳለች። ብርሃኑን አየችው። አይወዛወዝም፣ አይደበዝዝም። እማማ አንድ ክረምት ያወረደችው ኩራዝ ግማሽ መንገድ ላይ ድርግም ብሎ መጥፋቱ ትዝ አላት። «እማማ፣ ጠፋ እኮ!» ብላ ጮሃ ነበር። «ይጥፋ። አልተነፈሰም ማለት ነው» ብላ እማማ ቁርበቷ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ኩራዝ ይጠፋል፤ ጥቅሙም ያ ነው። ይህች ሶላር ግን መቃብር ውስጥም ቢያስቀምጧት ትበራለች።

ጋሼ አስማረ ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ከቀዳዳው ዳር ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ።

ሩሐማ ወንዳወቅን አየችው። እሱም አያት። በዓይኑ ብቻ ለመናት። ምንም ክፋት የለበትም፤ ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም፤ ለእሱ ነገሩ የኳስና የጥፊ ነገር ነው። እሷ ግን ታውቃለች። አጥንቷ ይውጋኝ ብላለች፤ ያውም በእማማ። የእማማን ሕግ ለመጠበቅ የእማማን መሐላ ማፍረስ ግድ ሆነ።

«ጋሼ፣ አይውረዱ!»

ሁሉም ዞሩ። «ምን አልሽ ልጀ?»

«ማታ አልተከፈተም። ዛሬ ጧት ነው። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን እያሉ።»

«ውሸቷን ነው!» ወንዳወቅ ከአጥሩ ተነጠለ። «ሩሐማ! ምን አድርጌሽ ነው?»

ጋሼ አስማረ ከቀዳዳው አልተነሱም። ልጃቸውን አዩ፣ የእህታቸውን ልጅ አዩ። «አይተሻል?»

«አይቻለሁ። እንዳልናገርም ምያለሁ።»

«በምን?»

«በእማማ አጥንት።»

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ጥሩሐረግ ከኋላ፤ ዘነዘናውን እንደያዙ ነው የመጡት። አባ የሻምበል አማተቡ።

ጋሼ አስማረ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እንግዲያው ወንዳወቅ፣ አንተ ንገረኝ። ማታ ነው የከፈትኩት፣ አባየ ይውረዱ በለኝ። አንተ ካልክ እወርዳለሁ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ይህኛው ግን ገና አላደረም፤ ወንዳወቅ አንገቱ ላይ ከብዶት ይታያል። ሴቶቹም ሽማግሌውም እያዩት ነው። የእማማ ቁርበት ከአጥሩ ላይ ተሰቅሏል።

«ማታ… ማታ ነው» አለ። «ይውረዱ።»

ሩሐማ ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆማ አላየችም። ወደ ጎጆው በሩጫ ገባች። ለተዝካሩ የተገዛው ጧፍ ከእማማ መደብ ራስጌ ተቀምጧል። አንዱን መዘዘች፣ ከምድጃው ፍም አቀጣጠለች፣ ነበልባሉን በመዳፏ ከልላ ተመለሰች። አጎቷ በሁለት እጃቸው የቀዳዳውን ከንፈር ይዘው ክብደታቸውን ሊለቁ ነው።

«እባክዎን ጋሼ፣ ይችን ብቻ። ይችን አውርዳ ልይ፤ ከዚያ ይውረዱ።»

እሽም እምቢም አላሉም። የሶላሩን ገመድ ስባ አወጣች፣ ጧፉን ከጎኑ በክር አሰረችው። ሁለቱን መብራቶች አንድ ላይ፣ በአጎቷ እግሮች መካከል፣ ቀስ አድርጋ ለቀቀቻቸው።

ጧፉ የአጎቷን ጉልበት አለፈ። ባታቸውን አለፈ። ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ሲደርስ ነበልባሉ አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። ንፋስ አልነበረም። ጭሱ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት እንደ ክር በዚያው ተንጋለለ። ከጎኑ ያለችው ሶላር ምንም እንዳልተፈጠረ ታበራለች።



ጋሼ አስማረ እግራቸውን አንዱን አወጡ። ቆይተው ሌላውን አወጡ። ከአፈሩ ላይ እንደተቀመጡ ባዶ እግራቸውን በእጃቸው አሻሹ፤ ብርድ የመታቸው ይመስላሉ። «አባቴን ሲያወጡት ገመዱን እኔም ይዤ ነበር» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «ሕፃን ነበርኩ። ወዲያ በሉት ያለ ሰው አልነበረም።» ከዚያ እንባቸው ወረደ፤ ሊሸሽጉትም አልሞከሩ።

ወንዳወቅ የጠፋውን ጧፍ ያያል። ጠይም ፊቱ አመድ መስሏል። «አባየ…» አለ። «እኔ… ኳስ ነበር…» የቀረውን ሳይጨርስ የአጥሩን እሾህ ጥሶ ወደ ገደሉ መንገድ ሮጠ። እናቱ ሊከተሉት ሲሉ ጋሼ አስማረ በእጃቸው ከለከሉ።

«ይተንፍስ» አሉ። ስለ ጉድጓዱ ይሁን ስለ ልጃቸው አልተናገሩም። «ነገ ሰንበት ነው። ሰኞ እናየዋለን።»

«ጠላው ይዘገያል» አሉ እትዬ ጥሩሐረግ፣ ግን ለማለት ያህል ነው።

«ይዘግይ።»

ቀኑ ረጅም ሆነ። ሩሐማ እህል አልበላችም። የሚወጋት ነገር እየጠበቀች ነበር። ጎኗን፣ ደረቷን፣ ጉሮሮዋን ታዳምጣለች። መሐላ ቀልድ አይደለም፤ እትዬ ጥሩሐረግም «ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጅ» ብለዋታል። የሚወጋ ነገር አልመጣም። ብቻ ብርድ ልብሱን የሚጎትቱት የእማማ እጆች ከዓይኗ አልጠፋ አሉ። እነዚያ እጆች ሲጎትቱ የኖሩት አንድ ሰው ነው፤ ሳይወጣላቸውም አረፉ።

አመሻሽ ላይ ከአጥሩ ቁርበቱን አውርዳ እማማ ታነጥፍበት በነበረው ቦታ አነጠፈችውና ተቀመጠች። ማንም አላዘዛትም። አጎቷ ፍየሎቹን ወደ ሌላ በረት ሲነዱ አይተዋት አለፉ።

ወንዳወቅ የመጣው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። እግሩ በእሾህ ተቧጭሯል። ትከሻው ላይ የወይራ ቅጠል ችቦ ተሸክሟል። ችቦውን በገመድ አሰረ፣ ወደ ጉድጓዱ ጣለው፣ ጎተተው። ደግሞ ጣለው። ማንም ሳያስተምረው እማማ ስታደርግ ያየውን ነው የሚያደርገው። የጎመዘዘው ሽታ ወጥቶ በመካከላቸው ቆመ። ላብ እስኪያሰጥመው ድረስ አላቆመም።

«አጥንቷ ወጋሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ሳያያት።

«አላውቅም።»

«እኔን ወግቶኛል።» ገመዱን እጁ ላይ ጠመጠመ። «ይውረዱ አልኩ እኮ። በአፌ። ሩሐማ፣ ይውረዱ አልኩ።»

ስለ ሰቆጣ አልጠየቃትም፤ ስለ መስከረም አላነሳም። የሚያየው ቀዳዳውን ብቻ ነው። እማማም ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስታየው ኖረች። ሩሐማ ይህን ስታስብ ፈራች፤ ከጧቱ ይልቅ አሁን ፈራች።

እናቷ «ተያት» ብላታለች። ለአጎቷ ልትነግራቸው አትችልም፤ እናታቸው ናት። ለተዝካር እንግዳማ ከቶ አይነገርም። እማማ ራሷ ትኩሳት እስኪያስለፈልፋት ድረስ ለማንም ሳትናገር ይዛው ኖራለች። ግን ብቻዋን ይዛው ምን ሆነች?

«ወንዳወቅ፣ አባባ ካሤ እንዴት እንደሞቱ ታውቃለህ?»

«ጋኔን መታቸው።»

«አይደለም።»

ቀና ብሎ አያት። ሩሐማ ቁርበቱ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ እስኪቀመጥ ጠበቀችው።

«እማማ ያን ጊዜ አራስ ነበረች» ብላ ጀመረች።